በግዳጅ ላይ ላለ ወንድሜ ምን ዓይነት ስንቅና ምን ዓይነት ደብዳቤ ብልክለት ይሻላል?

ጥያቄ፤ ከአዳማ የምትጽፍ እህት

ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ ከአገር ውጭ ለሰላም ማስከበር ግዳጅ ከሄደ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ያለበትን ቦታና የክፍሉን ስም እዚህ መጻፍ ተገቢ ስላልሆነ አልጠቅሰውም፤ ከአዳማ እጅግ የሚሞቅ ቆላ መሆኑን ብቻ ልናገር። ለፈቃድ የመጣ ባልደረባው ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለሚመለስ፣ አንድ መካከለኛ ካርቶን ሊይዝልን ፈቅዷል።

ነገሩ በእኛ ቤት ብቻ አልቀረም። የእድራችን እናቶች ወሬውን እንደሰሙ ልጁ የሁላችንም ነው ብለው አንዷ ጭኮ፣ ሌላዋ ቋንጣ፣ ሌላዋ ደግሞ ዳቦ ቆሎ ለማዘጋጀት ተነሥተዋል። ልባቸውን ማሳዘን አልፈልግም፤ ነገር ግን ባለፈው የላክነው ዕቃ መንገድ ላይ ተበላሽቶበታል። የፀጉር ቅባቱ ክዳን ተከፍቶ በሶውንም ልብሱንም አበላሽቶ እንደደረሰው የነገረን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አሁን ያንን ስሕተት መድገም ስለማልፈልግ፣ በሙቀት የማይበላሸው ምግብ የትኛው እንደሆነ፣ ከምግብ ሌላስ ምን እንደሚያስፈልገው የምታውቁ ብትመክሩኝ እወዳለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከዕቃው ይልቅ ይከብደኛል። ሲደውል እናታችን ገና ድምፁን ስትሰማ ማልቀስ ስለምትጀምር፣ እርሱም "ደህና ነኝ፣ አታስቡ" ብሎ ይዘጋዋል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም መደወሉን እየቀነሰ መጥቷል። ደብዳቤ እንጻፍለት ብለን ተስማምተን ብንቀመጥም ከሰላምታው ቀጥሎ ምን እንደሚጻፍ ጠፋብን።

መልስ፤ በጡረታ ላይ ያለ የቀድሞ ሃምሳ አለቃ

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ወንድምሽን በሰላም ይመልስልሽ። እኔ የነበርኩት በሱዳንና በደቡብ ሱዳን ድንበር ላይ ባለችው በአብዬ ግዛት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ሰኔ 2003 ዓ.ም. የአብዬን ሰላም ማስከበር ተልዕኮ ካቋቋመ በኋላ በሥፍራው የተሰማራው ጦር ለረጅም ጊዜ ከሞላ ጎደል ኢትዮጵያዊ ነበር፤ ስለዚህ የምነግርሽ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

አስቀድሜ ስለ እግር ልናገር፤ ወታደር የሚጎዳው ከእግሩ ይጀምራልና። በዝናቡ ወራት ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኖ መንገዱን ስለሚዘጋው መኪና አይንቀሳቀስም፤ ጫማም ለቀናት አይደርቅም። ያኔ ከቤት ከመጣልኝ ነገር ሁሉ የተጠቀምኩበት ስድስት ጥንድ ካልሲ ነው። ወፍራም የጥጥ ካልሲ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ቶሎ የሚደርቀውን ፈልጊ። ጥፍር መቁረጫ፣ መርፌና ጠንካራ ክር፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ጨምሪበት፤ ክብደታቸው ምንም ነው፣ ሲጠፉ ግን ያለመኖራቸው ይሰማል። መድኃኒት አትላኪ። በካምፑ ሐኪም አለ፤ መለያ የሌለው ክኒን ወይም በወረቀት የተጠቀለለ የሥራ ሥር ዱቄት በፍተሻ ጊዜ የሚያስቸግረው ደግሞ ዕቃውን የያዘላችሁን ልጅ ነው። ምን መያዝ እንደሚፈቀድለትና ምን ያህል ኪሎ እንደሚችል ከማሸጋችሁ በፊት እርሱን ራሱን ጠይቁት።

ስለ ምግቡ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በይ። ካርቶኑ በወንድምሽ ስም ቢሄድም የሚከፈተው በድንኳኑ ውስጥ፣ አብረውት በሚያድሩት ልጆች ፊት ነው። ከእነርሱ መካከል ማንም የማይልክላቸው አሉ፤ እኔ በነበርኩበት ድንኳን ሁለት እንዲህ ያሉ ልጆች ነበሩ፣ ዕቃ በተከፈተ ቁጥር አንዱ ሥራ እንዳለው ሰው ተነሥቶ ይወጣ ነበር። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ስለዚህ የሚበቃ አድርጋችሁ ላኩ፤ ሁሉም የሚበላው ይሁን። ቋንጣው ይቅር የምለውም ለዚህ ነው። በአንድ ድንኳን ክርስቲያንም ሙስሊምም ስላለ ሥጋው ወንድማማቾቹን በማዕድ ይለያያቸዋል፤ ክርስቲያኖቹም ቢሆኑ በጾም ወቅት አይነኩትም። ቆሎ፣ በሶና በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ቆሎ ግን በየትኛውም ቀን ለማንም ይቀርባል።

ቡናውን ጥሬውን ላኩት። የተፈጨው ሽታው ቶሎ ይጠፋል፤ ጥሬው ይቆያል፣ ሲቆላም ጭሱ የሩቁን ሁሉ ይሰበስባል። እሑድ ጠዋት በቆርቆሮ ክዳን ላይ ስንቆላ፣ ለወራት ያላነጋገረኝ ልጅ ስኒ ይዞ መጥቶ ስለ እናቱ ሲያወራኝ ዋለ።

መልስ፤ በአዳማ ባልትና የምትሠራ እናት

የሃምሳ አለቃው ምክር ልክ ነው፤ እኔ በሙያዬ የማውቀውን ልጨምር። ጭኮ ለመንገድ የታወቀ ስንቅ መሆኑ እውነት ነው። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በንጥር ቅቤና በቅመም ስለሚታሽ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ያ ግን እንደ አርሲ ደጋ ባለ ቀዝቃዛ አገር ነው። በበረሃ ሙቀት ቅቤው ቀልጦ ከዱቄቱ ይለያል፣ ከላስቲኩም አልፎ ሌላውን ዕቃ ያበላሻል። ለጭኮ የተነሡት እናት ቅር እንዳይላቸው ያንኑ ገብስ በሶ ያድርጉት፤ ቅቤ ስለሌለበት ይቆያል፣ ልጁም በውሃና በጨው ወይም በስኳር ራሱ ይበጠብጠዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማሸጉ ላይ ነው። በሶም ሆነ ቆሎ ትኩሱን ከታሸገ እንፋሎቱ ወደ እርጥበት ተለውጦ ውስጡን ያሻግተዋል፤ ስለዚህ በሰፌድ ላይ ተሰጥቶ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ መጠበቅ የግድ ነው። ቆሎውን ገብስና ሽምብራ ብቻ ብታደርጉት እመክራለሁ። ለውዝና ሱፍ ቅባት ስላላቸው በሙቀት ጣዕማቸው ይለወጣል፤ እነርሱ ከገቡበት ቶሎ የሚበላ መሆኑን ጻፉበት። ድርቆሹም በደንብ ከደረቀ ይቆያል፤ በርበሬና ሽሮ ካለው ደግሞ በአንድ ድስት ምሳ ይሆናል። ሁሉንም አፉ ሰፊ በሆነ፣ ክዳኑ በሚጠመዘዝ የፕላስቲክ ዕቃ አድርጉት። ላስቲክ በአይጥና በጉንዳን ይበሳል፤ የፕላስቲኩ ዕቃ ግን ምግቡ ካለቀም በኋላ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ከዝናብ የሚያስጠልልበት ይሆነዋል። ሳሙናና ማንኛውም ቅባት ግን ከምግቡ ጋር በአንድ ካርቶን ባይገባ ይሻላል፤ ቅባቱ ባይፈስ እንኳ በሶ የሳሙና ሽታ ይስባል።

መልስ፤ በአዳማ የሚያስተምር መምህር

ስለ ደብዳቤው ትንሽ ልበል። አያቴ ከቃኘው ሻለቃ ዘማቾች አንዱ ነበር። የመጀመሪያው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ኮርያ መሄዱን ሁላችንም በታሪክ እናውቀዋለን፤ እኔን ግን ከታሪኩ ይልቅ የሚነካኝ አያቴ እስኪሞት ድረስ በሣጥኑ ያስቀመጠው አንድ ወረቀት ነው። እናቱ ማንበብም መጻፍም ስለማይችሉ ለደብዳቤ ጸሐፊ ከፍለው ያስጻፉት ነው። ስለ ጀግንነት አንድም ቃል የለበትም። ግንባራ ነጯ ላም መውለዷን፣ የጎረቤቱ ዕዳ መከፈሉን፣ የጓሮው ጎመን በውርጭ መመታቱን፣ እርሱ የተከለው ባሕር ዛፍ ከአጥሩ በላይ መሆኑን በተራ ይነግረዋል፤ መጨረሻ ላይ "አልጋህን ማንም አልተኛበትም" ይላል። አያቴ እንደሚለው በዚያ ብርድ ውስጥ ሆኖ ሲያነበው ቤቱ ባለበት እንዳለ፣ እርሱም ቦታው እንዳልተወሰደበት ይሰማው ነበር።

ስለዚህ ከሰላምታው ቀጥላችሁ ምን እንደምትጽፉ አትጨነቁ። የቤታችሁን፣ የሠፈራችሁን፣ እርሱ የሚያውቃቸውን ሰዎች ነገር በስም እየጠራችሁ ጻፉለት። ችግር ካለም አትደብቁት፤ ወታደር ከድምፅ ስለሚያውቅ የተደበቀ ነገር ከተነገረው ይልቅ ያስጨንቀዋል። ነገር ግን ከዚያ ሆኖ ሊያደርግበት የማይችለውን ችግር ስትጽፉ፣ እዚህ ማን እንደያዘው አብራችሁ ጻፉ። "አባዬ ጉልበቱን አሞታል" ብላችሁ ከማቆም፣ ማን ሐኪም ቤት እንደሚወስደውና ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጨምሩበት።

መልስ፤ የቀድሞው ሃምሳ አለቃ

መምህሩ ያሉትን እኔም እመሰክራለሁ። ስለ እናትሽ ልቅሶ ግን ሳልናገር አላልፍም። እንዳታለቅስ አትከልክሏት፤ ልጇ ነው። የሚደውልበትን ቀን ካወቃችሁ ግን ቀድማችሁ አብራችኋት ተቀመጡ፤ ማልቀሷንም ከስልኩ በፊት ታልቅስ። ከዚያ የምትጠይቀውን አንድ ነገር አስይዟት። እኔ እናቴ "ዛሬ ምን በላህ?" ብላ ስትጀምር ለመመለስ አፌ ይፈታ ነበር፤ "ደህና ነህ ወይ?" ስትለኝ ግን "ደህና ነኝ" ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም።

ስልክ በማይኖርበት ጊዜ የሚያዳምጠው ድምፅ በሜሞሪ ካርድ ቅዱለት። የላከውን ፎቶግራፍ ግን በማኅበራዊ ገጽ አትለጥፉ፤ ከጀርባው የሚታየው አጥርና ማማ ቦታውን ለማያስፈልገው ሰው ይናገራል።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ትናንት ማታ ለእድራችን እናቶች አንብቤላቸው ነበር። ጭኮው በሶ እንዲሆን ወዲያውኑ ተስማሙ፤ ቋንጣውን የያዙት እናት መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም፣ ተነሥቶ ስለሚወጣው ልጅ የተጻፈውን ስደርስ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝና ሁለት ኪሎ ጥሬ ቡና አመጣለሁ አሉ። ዕቃውን የሚይዝልን ልጅ እስከ አሥር ኪሎ እችላለሁ ስላለን ካልሲውን ከሁሉ አስቀድመን እንለካለን።

ደብዳቤውን እናቴ እየነገረችኝ ጀምሬዋለሁ። ግቢያችን ውስጥ ያለው የፓፓያ ዛፍ ማፍራቱን፣ የጎረቤታችን ልጅ ባጃጅ ገዝቶ የመጀመሪያውን ቀን እናቱን ገበያ ማድረሱን አጽፋኛለች። ቀጥላ ዝም አለችና ወንድሜ ትቶት የሄደውን ጫማ ከአልጋው ሥር አውጥታ ቀለም ስትቀባው ቆየች፤ እርሱንም ጻፊው አለችኝ።