ለሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሥልጠና) መግቢያ ፈተና አናቶሚን ከየት ልጀምር?

የማራኪው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ጎንደር ያለሁ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ ፈተናው ሦስት ወር ያህል ቀርቶታል። ሰርጀሪውና ሜዲስኑ እየሄደልኝ ነው፤ አናቶሚ ግን ሳነበው የገባኝ ይመስለኝና ጥያቄ ላይ ይጠፋኛል። ይህን እዩልኝ፦ ሂውመረሱ (የላይኛው ክንድ አጥንት) መሃል ላይ የተሰበረ ሰው እጁ ከአንጓው ወድቋል፤ ያልተነካው እንቅስቃሴ የትኛው ነው? መልሱ «ክርን መዘርጋት» ይላል። ክርን የሚዘረጋውን ጡንቻ፣ ትራይሴፕስን፣ የሚያዘው ራዲያል ነርቭ አይደለም እንዴ? ደግሞስ ሁሉንም ከራስ እስከ እግር ላንብብ ወይስ የሚመረጥ አለ?

ስካልፔል፦
ትራይሴፕስ የራዲያል ነው፣ ልክ ነህ። ግን ወደ ትራይሴፕስ የሚሄዱት ዋና ዋና ቅርንጫፎች ነርቩ ስፓይራል ግሩቭ (ሂውመረስ ጀርባ ላይ ያለው ቦይ) ውስጥ ከመግባቱ በፊት ተለይተው ይወጣሉ። ስብራቱ ከእነሱ በታች ነው፤ ስለዚህ ክርን ይዘረጋል፣ አንጓ ይወድቃል፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለው የእጅ ጀርባም ይደነዝዛል።

ወረቀት አውጣና አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከብብት እስከ ጣት ስመር። ቅርንጫፎቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ጻፍ፤ ከዚያ መስመሩን ሦስት ቦታ ቁረጠው። ብብት ላይ ብትቆርጠው (ምርኩዝ ተጭኖት ይሆናል) ትራይሴፕስም ይደክማል። መሃል ላይ ያንተ ጥያቄ ነው። ራዲያል ሄድ (ክርን አጠገብ ያለው የራዲየስ አጥንት ጫፍ) አካባቢ ፖስቴሪየር ኢንተሮሲየስ የሚባለው የነርቩ ቅርንጫፍ ብቻ ሲጎዳ ደግሞ አንጓው አይወድቅም፤ ሲዘረጋ ወደ አውራ ጣት በኩል ያዘነብላል እንጂ። ምክንያቱም አንጓን የሚዘረጋው ጡንቻ ኤክስቴንሰር ካርፒ ራዲያሊስ ሎንገስ ነርቩን ያገኘው ከዚያ በላይ ነው። ጣቶቹ አይዘረጉም፣ ስሜት ግን ደህና ነው። ፈታኝ የሚወደው ይህችን ሦስተኛዋን ነው።

ለአልናር፣ ለሚዲያንና ለሳያቲክም እንዲሁ አድርግ።

ዶክተር ከአዘዞ፦
ስካልፔል ጥሩ ብለዋል፤ አንድ ማስተካከያ ብቻ ልጨምር። ለትራይሴፕስ ከግሩቩ ውስጥም የሚወጡ ቅርንጫፎች ስላሉ ክርን መዘርጋት በመጠኑ ሊደክም ይችላል፤ «ፍጹም አይነካም» የሚል አማራጭ ካያችሁ ተጠንቀቁ።

እግር ላይ የሚያደናግረው ፉት ድሮፕ (እግር ከቁርጭምጭሚት መውደቅ) ነው። ፊቡላ (ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለው አጥንት) አንገት ላይ ኮመን ፔሮኒያል ነርቭ ቢመታም፣ የኤል 5 (አምስተኛው የወገብ) ነርቭ ሥር ቢጨፈለቅም እግር ይወድቃል። የሚለያቸው እግርን ወደ ውስጥ ማዞር ነው። ቲቢያሊስ ፖስቴሪየር የቲቢያል ነርቭ ጡንቻ ስለሆነ ፔሮኒያሉ ቢጎዳም ይሠራል፤ ኤል 5 ሲጎዳ ግን ይደክማል። ስትመረምሩ እግሩን በእጃችሁ ወደ ላይ ደግፋችሁ ያዙት፤ ተንጠልጥሎ ከተፈተነ ደህናውም የደከመ ይመስላል።

የማራኪው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። ሆድና ጀርባስ ላይ ምን ልያዝ?

ዶክተር ከአዘዞ፦
ጎንደር ለሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት ጣፊያ። ከመተማና ከሁመራ በኩል በካላዛር ጣፊያቸው ያበጠ ሕመምተኞች ይመጣሉና አናቶሚውን አልጋው አጠገብ ታገኘዋለህ። ደህናው ጣፊያ ከ9ኛው እስከ 11ኛው ጎድን ሥር ሆኖ የ10ኛውን መስመር ይከተላል። ሲያብጥ ፍሬኒኮኮሊክ ሊጋመንት (ድያፍራምንና ትልቁን አንጀት የሚያያይዘው እጥፋት) ከሥሩ ስለሚያግደው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ወደ እምብርትና ወደ ቀኝ ኢሊያክ ፎሳ (የሆድ ቀኝ ታችኛው ጥግ) ያቀናል። ስለዚህ መዳሰስ የሚጀመረው ከቀኝ ኢሊያክ ፎሳ ነው። ከጎድን ሥር የጀመረ ሰው እጁ በጣም ባበጠ ጣፊያ ላይ ያርፍና ጠርዙን ያጣዋል። በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ደግሞ የፓንክሪያስ ጅራት ስፕሊኖሬናል ሊጋመንት (ጣፊያንና ኩላሊትን የሚያያይዘው እጥፋት) ውስጥ ስላለ አብሮ ሊጎዳ ይችላል፤ ይህም ይጠየቃል።

ስካልፔል፦
የብሽሽት ኸርኒያን (የአንጀት መውረድን) በኢንፌሪየር ኤፒጋስትሪክ የደም ሥሮች ለየው፦ ዳይሬክቱ ከእነሱ ወደ መሃል፣ ኢንዳይሬክቱ ወደ ጎን።

ጀርባ ላይ የለምባር ፓንክቸር (ከወገብ የአከርካሪ ፈሳሽ መቅጃ) መርፌ የሚያልፍበትን ቅደም ተከተል ያዝ፦ ቆዳ፣ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ፣ ሱፕራስፓይነስ፣ ኢንተርስፓይነስና ፍላቨም የሚባሉት ሊጋመንቶች፣ ኤፒዱራል ክፍተት፣ ዱራ፣ አራክኖይድ። «የማይበሳው የቱ ነው?» ሲባል መልሱ ፖስቴሪየር ሎንጊቱዲናል ሊጋመንት ነው፤ እሱ ከነርቭ ገመዱ ፊት፣ የአከርካሪ አጥንቶቹ አካል ጀርባ ላይ ተለጥፏል። የአዋቂ ገመድ ኤል 1 እና ኤል 2 አካባቢ ያበቃል፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ላይ ግን እስከ ኤል 3 ሊወርድ ስለሚችል መርፌው ኤል 4 እና ኤል 5 መሃል ቢገባ ይሻላል። በጥያቄው ውስጥ ዕድሜ ከተጻፈ ዝም ብሎ አልተጻፈም።