ኢንፊኒቲ 0 ሆነብኝ፣ ድረሱልኝ!

እንቅልፍ አጣሁ፦ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት አስረክባለሁ። በሲ ፕላስ ፕላስ የዳይክስትራን አጭር መንገድ ፈላጊ ጻፍኩ። ርቀቶቹ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ናቸው፤ መንገድ እስኪገኝ ብዬ በሙሉ መጀመሪያ ኢንፊኒቲ (ማለቂያ የሌለው) አደረግኳቸው። ከመገናኛ ፒያሳ 0፣ ከመገናኛ ቦሌ 0፣ ሁሉም 0! ኤረር የለም፣ ዋርኒንግ የለም። ኮምፓይለሬ ተበላሽቶ ይሆን?

ሳቂታው፦ አራት ኪሎ አለ፣ አምስት ኪሎ አለ፣ ስድስት ኪሎ አለ። አሁን ዜሮ ኪሎ ጨመርክልን።

የድሮ ኮደር፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ መሠረቱን እወቅ። ፍሎትና ደብል (ባለ ነጥብ ቁጥር የሚይዙት) ኢንፊኒቲ ያላቸው እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን የባለ ነጥብ ቁጥሮች ስታንዳርድ፣ አይ ትሪፕል ኢ 754ን፣ ስለሚከተሉ ነው። የኤክስፖነንቱ (የቁጥሩን መጠን የሚወስነው ክፍል) ቢቶች በሙሉ 1፣ የፍራክሽኑ (አሃዞቹን የሚይዘው ክፍል) በሙሉ 0 ሲሆኑ ኢንፊኒቲ ይባላል። ኢንት ውስጥ ግን ቢቶቹ በሙሉ ለተራ ቁጥር ተይዘዋል፣ የተረፈ ቦታ የለም። የዛሬ ልጆች ደግሞ ወዲያው ኮምፓይለሩን መክሰስ ነው!

ፈጣኑ፦ ደብል አድርገው።

እንቅልፍ አጣሁ፦ ወንድምህ ሳልሆን እህትህ ነኝ። መምህሩ ኢንት ብቻ ብሏል። ደሞ ኢንት ኢንፊኒቲ ከሌለው ለምን ዝም ብሎ ኮምፓይል ሆነ?

ቡና በጨው፦ ጉዱ እሱ ጋ ነው። ኑመሪክ ሊሚትስ (የቁጥር ዓይነቶችን ወሰን የሚነግረው የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ክፍል) ውስጥ ያለው "ኢንፊኒቲ" ፈንክሽን ለኢንትም ይጠራል፤ ግን የሚመልሰው 0 ነው። ርቀቱ ከ0 ከተነሳ ደግሞ ከ0 የሚያንስ መንገድ ስለማይገኝ እዚያው ይቀራል። ቀድመሽ ዓይነቱ ኢንፊኒቲ እንዳለው "ሃዝ ኢንፊኒቲ"ን ጠይቂው። ለኢንት ፎልስ፣ በተለመዱት ማሽኖች ለደብል ትሩ ይላል። ስታቲክ አሰርት ውስጥ ብትከቺው ገና ኮምፓይል ስታደርጊ ይጮህልሽ ነበር።

ፈጣኑ፦ ደብል አድርጊው አልኩ እኮ።

ተቃዋሚ፦ ኢንፊኒቲ ለምን አስፈለገሽ? የተደረሰበትንና ያልተደረሰበትን ሰፈር በቡል (እውነት ወይም ሐሰት ብቻ በሚይዝ) ለይተሽ ያዢ፣ አለቀ።

እንቅልፍ አጣሁ፦ አንድ ጓደኛዬ "ማክስ (ኢንት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር) በይው" አለኝ። 2147483647 አደረግኩት። አሁን መንገድ የሌለው ሰፈር ርቀቱ ኔጌቲቭ 2 ቢሊዮን ምናምን ሆነ!!

ሳቂታው፦ ወደ ኋላ እየነዳሽ ነዋ።

ቡና በጨው፦ ማክስ ላይ ስትደምሪበት ሞልቶ ፈሰሰ። ሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ ለዚህ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ወይ ከመደመርሽ በፊት ማክስ ከሆነ እለፊው፣ ወይ በ1000000000 ጀምሪ። ሁለቱ ቢደመሩ እንኳ 2 ቢሊዮን ነው፣ ኢንት ይችለዋል። የመንገዶችሽ ርዝመት ስንት ይደርሳል?

ፈጣኑ፦ ደብል።

ቡና በጨው፦ እህቴ፣ አለሽ? 3 ሰዓት አለፈ እኮ።