«አእምሮ አይዋሽም» ያለው ማነው?

(የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ግሩፕ፣ እሁድ ማታ)

ዮናስ፦ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ላይ አንድ ጠበቃ ምን አለ መሰላችሁ? «በቴራፒ (በሥነ ልቦና ሕክምና) ተመልሶ የመጣ ትዝታ ከዓይን ምስክር አያንስም፤ አእምሮ አይዋሽም።» ሃያ ዓመት የተረሳ ነገር ድንገት ትዝ ስላለ ሰው ይታሰር?

ሄለን፦ ጠበቃው ልክ ነው። የተደፈረ ልጅ ነገሩን ዋጥ አድርጎ ዓመታት ይኖራል። ሰሚ ሲያገኝ ነው የሚወጣለት። ከእንዲህ ዓይነት ልጆች ጋር ነው የምሠራው።

ዮናስ፦ ዋጥ ማድረግና መርሳት ለየቅል ነው ሄሉ። ዝም ያለ ልጅ ነገሩን ያውቀዋል። እኔ የምለው በሂፕኖሲስ (ሰውን ሰመመን ውስጥ አስገብቶ በመጠየቅ) እና በጉትጎታ የመጣውን ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ አባት እ.ኤ.አ. በ1969 የ8 ዓመት ልጅ ገድለሃል ተብሎ በ1990 ተፈረደበት። ዋናው ማስረጃ የገዛ ልጁ ከ20 ዓመት በኋላ «ትዝ አለኝ» ማለቷ ነበር። በ1995 ፍርዱ ተሻረ፣ በ1996 ተፈታ። ስድስት ዓመቱን ማን ይመልስለት?

ጋሽ ተስፋዬ፦ ዕድሜዬን ችሎት ስገባ ስወጣ ነው የኖርኩት። የሚዋሽ ምስክር ይያዛል። የሚያስቸግረው ተሳስቶ እርግጠኛ የሆነው ነው።

ሚኪ፦ ጋሼ፣ ለውሃ ቦቴው 300 ብር ተባብለን «200 ነው» ብለው የማሉትም እንደዚያው ነው? ሃሃ

ጋሽ ተስፋዬ፦ 200 ነው ያልነው። ወይዘሮ አልማዝ ምስክሬ ናት።

ወ/ሮ አልማዝ፦ እኔን አታስገቡኝ። 250 ነበር።

ሄለን፦ ቀልዱ ይቅርና፣ ዮናስ «አይዋሽም» የምትለው ቃል ላይ ሙጭጭ አልክ።

ዮናስ፦ ይዋሻላ! ኤልዛቤት ሎፍተስ የምትባል ሳይኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው ጥናት፣ ለ24 ሰዎች «ልጅ ሆናችሁ ገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍታችሁ ነበር» የሚል የፈጠራ ታሪክ ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅላ ሰጠቻቸው። ከአራቱ አንዱ ያህል በሙሉም በከፊልም «አዎ፣ ትዝ ይለኛል» አለ።

ሄለን፦ ሦስቱ አላሉም ማለት ነው። ደግሞ ገበያ መጥፋትና መደፈር አንድ ሆነ? ሴትዮዋም ለተከሳሾች ስትመሰክር የኖረች ናት። በወሲብ ጥቃት ለተከሰሰው የሆሊውድ ፊልም ፕሮዲውሰር ለሃርቪ ዋይንስታይን ሳይቀር!

ዮናስ፦ ለማን መሰከረች ሳይሆን ምን አለች በይ።

ጋሽ ተስፋዬ፦ እኔ ዳኛ ብሆን ሌላ ደጋፊ ማስረጃ እጠይቃለሁ።

ሄለን፦ በር ተዘግቶ የተሠራ ነገር ማስረጃው ከየት ይምጣ ጋሼ? ያለችው ልጅቷ ብቻ ናት።

ዮናስ፦ እሺ፣ ቴራፒስት ጋር ከመሄዷ በፊት ምን ብላ ነበር? መጀመሪያ ለማን ነገረች? እሱ ይጣራ።

ሄለን፦ «ለማን ነገረች» ትላለህ! አንተ እኮ አንዲትም እንዲህ የደረሰባት ልጅ አጠገብ ተቀምጠህ አታውቅም።

ወ/ሮ አልማዝ፦ ልታነጉን ነው እንዴ? ነገ ውሃ ተራው የማን ብሎክ ነው?

ሚኪ፦ የኛ። ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ተባብለናል።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ማክሰኞ ስብሰባ አልነበረም።