በነሐሴ ጉም ከአዲስ አበባ ዳንግላ፦ በቪትዝ እንዴት ልሂድ?

የዳንግላ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለፍልሰታ ፍቺ እናቴን ይዤ ዳንግላ ልሄድ ነው። መኪናዬ ቪትዝ፣ አውቶማቲክ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ነድቻለሁ፤ በክረምት ግን ከከተማ ወጥቼ አላውቅም። የሚያስፈራኝ ከደጀን በኋላ ያለው ጉምና የእንጅባራ ዝናብ ነው። አንዱ ረጅም መብራት አብሪ ይለኛል፣ ሌላው አራቱንም ፍሬቻ። የቱን ልስማ? ደግሞ ሲዘንብ መስታወቴ ከውስጥ እንፋሎት ይለብስብኛል።

ባለ አይሱዙ፦ እህቴ፣ ረጅም መብራት በፍጹም! ጉም ማለት ደቃቅ ውኃ ነው፤ ብርሃኑን መልሶ ዓይንሽ ላይ ይረጨዋል፣ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው የምታዪው። አጭሩን አብሪ። ከታች ፓውዛ ካላት እሱንም ጨምሪ። አራቱን ፍሬቻ አብርተሽ ከባድ መኪና ካገኘሽ ከኋላው ሂጂ፤ እኛ መንገዱን እናውቀዋለን።

መካኒክ፣ ፍኖተ ሰላም፦ በመብራቱ እስማማለሁ፣ በፍሬቻው አልስማማም። እየነዳሽ አራቱን ካበራሽ ከኋላ የሚመጣው ቆመሻል ወይስ እየሄድሽ ነው ብሎ ይደናገራል፤ ልትታጠፊ ስትፈልጊም ምልክት የምትሰጪበት የለሽም። ለቆመ መኪና ነው የተሠራው። ከባድ መኪና መከተሉንም ተይው፤ እሱ መንገድ ቢስት አብረሽው ነው የምትስቺው። ፍጥነትሽን በሚታይሽ ርቀት ለኪው። መኪና በ60 ስትሄድ በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ትጓዛለች። የሚታይሽ 30 ሜትር ብቻ ከሆነ፣ እግርሽ ፍሬን እስኪደርስ ግማሹ አለቀ፤ በእርጥብ አስፓልት ደግሞ ቀሪው አያቆምሽም።

ባለ አይሱዙ፦ ፍሬቻ ያልኩት እኮ የስንቱ መኪና የኋላ መብራት ስለማይሠራ ነው!

መካኒክ፣ ፍኖተ ሰላም፦ እንግዲያው አምፖሉን መቀየር ነዋ። እህቴ፣ ከመነሳትሽ በፊት ሰው ከኋላ አቁመሽ የኋላውንና የፍሬኑን መብራት አሳዪው። የዝናብ መጥረጊያው ጎማ ከደረቀ ቀይሪ። የጎማሽ ጥርስ ካለቀ ደግሞ ባትሄጂ ይሻላል፤ ውኃ በተኛበት አስፓልት መኪናዋ ትንሳፈፋለች፣ መሪውም አይታዘዝሽም። እንደዚያ ከሆነ ፍሬን አትርገጪ፤ ነዳጁን ቀስ ብለሽ ልቀቂና መሪውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ። ለመስታወቱ ኤሲ ክፈቺ፣ ሙቀት ጨምሪበት፣ አየሩ ከውጭ እንዲገባ አድርጊ። በጨርቅ መጥረጉ መልሶ ያጨማልቀዋል።

አገው ምድር፦ እኔ የእንጅባራ ሰው ነኝ። መብራቱን ነግረዋታል፣ ሰዉንና ከብቱን ግን ማንም አላነሳም። እኛ ዘንድ በዝናብ መንገዱ ባዶ አይሆንም። ገሳ የለበሰ እረኛ ንፋሱን ሽሽት ጀርባውን ይሰጥሻል፤ አያይሽም፣ ዝናቡ ገሳው ላይ እየመታ አይሰማሽም። ፈረሰኛ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ከብት አለ። በገበያ ቀንማ አይነሳ። ከሩቅ ጀምረሽ ጥሩምባ ንፊ፤ አጠገባቸው ስትደርሺ ከሆነ ግን ፈረሱ ይደነብራል። ጉሙ ከከበደ ማደያ ወይም ከተማ ውስጥ ገብተሽ ቁሚ። ሣሩ ላይ አትውጪ፤ ክረምት ላይ ዋልካው ጎማ ይውጣል። መኪናሽ አስፓልት ላይ ከተበላሸች እናትሽን አውርደሽ ከመንገዱ አርቂ፤ ምልክት ወይም ቅጠል ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ፣ ስትነሺም አንሺው። ቅጠሉን ትቶ የሚሄድ ሰው ያናድደኛል።

የዳንግላ ልጅ፦ ተባረኩ። የዓባይ በረሃ ቁልቁለትስ? መንገድ ላይ ጎርፍ ቢያጋጥመኝስ?

ባለ አይሱዙ፦ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርጂው። ፍሬን ላይ ተኝተሽ ከወረድሽ ይግላል፣ መያዙንም ይተዋል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ከዲ ወደ ኤል ወይም ቢ አውርጂና ሞተሩ ይያዝልሽ። ከደጋው ብርድ ወደ ቆላው ሙቀት ስትገቢ መስታወቱ ከውጭ በኩል ሊጨልምብሽ ይችላል፤ እሱ የመጥረጊያ ሥራ ነው፣ ኤሲውን መስታወቱ ላይ አታብዢበት። ከገደሉ የተንሸራተተ ድንጋይ ኩርባ ላይ ሊጠብቅሽ ስለሚችል መስመርሽን አትልቀቂ።

ጎርፍ ከሆነ ታችው ካልታየሽ አትግቢ። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የሚወርድ ውኃ እንደ ቪትዝ ያለችዋን ሊያነሳት ይችላል። ቆመሽ ጠብቂ፤ ዶፉ ሲያባራ አብዛኛውን ጊዜ ይጎድላል።

አገው ምድር፦ ከአዲስ አበባ ሌሊት አትነሺ። ብዙ ቀን ጉሙ ረፋድ ላይ ይገለጣል፣ ቢሆንም ነሐሴ ነውና ከሰዓት ዝናቡ ይመለሳል። ከመሸብሽ ደብረ ማርቆስ እደሪ። አልጋውን ቀድመሽ በስልክ ያዢ፤ በበዓል ሰሞን ይሞላል።