የፊት ፍሬን ሲግል አልለቅ አለኝ (ጅማ)

የሰቃ መንገደኛ (ጠያቂ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የሞተር ሰዎች። ለሥራ ከጅማ ሰቃ እመላለሳለሁ። ሞተሬ 125 ሲሲ ናት፤ ፊቷ ዲስክ፣ ኋላዋ ታምቡር። ጠዋት ከቤት ስወጣ ምንም የላትም። ከተማውን ለቅቄ ትንሽ እንደሄድኩ ግን እየከበደች ትመጣለች። ነዳጅ ብሰጣትም ሰው ከኋላ ጨብጦ የያዛት ነው የሚመስለው። ወርጄ ሳይ የፊት ዲስኩ ይፋጃል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ጎማውን በእጄ ላዙር ብል ንቅንቅ አይልም። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ለቅቆ አገኘዋለሁ።

ጋራዥ ወሰድኳት። የፊት ፓድ ተቀየረ፣ የፍሬን ዘይቱም ጢም ብሎ ተሞላ። ለውጥ የለም። አንዱ ካሊፐር (ፓዱን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) ቀይሪ ይለኛል፣ ሌላው ዲስኩ ጠሟል ይላል። የሁለቱም ዋጋ አይቀመስም። ምን ይሻለኛል?

አባ መፍቻ

ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ለጊዜው ምንም አትግዢ። መጀመሪያ መለየት ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ፍሬኑን የያዘው የታፈነ የዘይት ግፊት ነው ወይስ ዝገትና ጭቃ?

ፍሬኑ እንደያዘ፣ ሳይቀዘቅዝ አቁሚያትና የፊት ጎማውን ከመሬት አንሺ። ካሊፐሩ ላይ የጎማ ቆብ ያላት ትንሽ የአየር ማስወጫ ቡሎን አለች። ብዙውን ጊዜ 8 ቁጥር ቁልፍ ይይዛታል። ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ሰክተሽ ጫፉን ባዶ ጠርሙስ ውስጥ አድርጊና ሩብ ዙር ፍቻት። ዘይቱ ፊን ብሎ ወጥቶ ጎማው ከለቀቀ ግፊት ታፍኖ ነበር፤ ጥፋቱ ከላይ ነው፣ ከማስተሩ (እጀታው ጋ ካለው ዘይት ገፊ ክፍል) ወይም ከቱቦው። ከተፈታም በኋላ ጎማው ካልዞረ ግን ካሊፐሩ ራሱ ደርቋል። ወዲያው መልሰሽ እሰሪያት፣ አየር እንዳይገባ። ዲስኩ እንዳያቃጥልሽ ተጠንቀቂ። ዘይቱ ቀለም ይልጣል፤ ፓድና ዲስክ ላይ ከተንጠባጠበ ደግሞ ፍሬን የለሽም።

የአጂፕ ልጅ

ይሄን ያህል ምን ያስጨንቃል? አዲስ ፓድ መጀመሪያ ላይ ይይዛል። ትንሽ ንጂበት፣ ይላመዳል።

አባ መፍቻ

ወንድሜ፣ አዲስ ፓድ ዲስኩን ዳሰስ ያደርጋል እንጂ ጎማ አያቆምም። ደግሞ ችግሩ ፓዱ ሳይቀየርም ነበረ እኮ። እንዲህ እየጋለ ከተነዳ ዘይቱ ይፈላል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ንጹሕ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ እንዲቋቋም ይጠበቅበታል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። የጅማን ዝናብ ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ። ዘይቱ ከፈላ እጀታው መሪው ድረስ ባዶውን ይገባል። ያን ጊዜ ከፊት ባጃጅ ቢታጠፍባት ምን ልትሆን ነው?

ቦንጋ መስመር

እኔ ካሊፐሩን ነው የምጠረጥረው። በእኛ መንገድ ክረምት ላይ ቀዩ ጭቃ የማይገባበት የለም። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ። የላስቲክ ሽፋናቸው ከተቀደደ ውሃ ይገባና ይዝጋሉ። የኔን ስፈታቸው ቡናማ ዝገት ቅርፊት ሠርቶ ነበር፤ በመዶሻ ነው የወጡት። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ ግሪስ ቀባኋቸው። ግሪሱ ታዲያ ለፍሬን የተሠራው ይሁን። የኩሽኔታ ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። ናፍጣም እንደዚያው ነው፤ ካሊፐር በናፍጣ የሚያጥቡ ሰዎች ያናድዱኛል። ላቫጆም ስትሄጂ ውሃውን በኃይል እዚያ ላይ እንዳይለቁብሽ ንገሪያቸው።

ጋሼ ጅሬን

ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሞተሯ ወድቃ ታውቃለች? የፍሬን እጀታው ተቀይሯል?

የሰቃ መንገደኛ

አዎ ጋሼ! ዝናብ ላይ አንሸራቷት ወድቃ እጀታው ተሰብሮ ነበር። በሌላ ተቀየረ። ችግሩም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው መሰለኝ።

የአባ መፍቻንም ሞከርኩ። ፊን ብሎ ወጣ! ጎማው ወዲያው ለቀቀ።

ጋሼ ጅሬን

እንግዲያው ካሊፐሩን ተይው። ማስተሩ ውስጥ በጣም ጠባብ የመመለሻ ቀዳዳ አለች። ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ትርፉ በዚያች ቀዳዳ ወደ ላይኛው ማጠራቀሚያ ይመለሳል። እጀታው ተለቅቆም ፒስተኑን በጥቂቱ እንኳ ገፍቶ ከያዘው ቀዳዳዋ እንደተደፈነች ትቀራለች። ከዚያ ዘይቱ በሞቀ ቁጥር ፓዱን ይገፋል፣ ፓዱ ዲስኩን ያሞቃል፣ ዲስኩ ዘይቱን። ጠዋት ደህና ሆና መንገድ ላይ የምትያዘው ለዚህ ነው። ስትበርድ ደግሞ ዘይቱ ስለሚኮማተር ትለቃለች።

አሁን እጀታውን በጣትሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ማስተሩን መግፋት ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ባዶ መላወስ አለበት። ከሌለው፣ ፍሬኑ በያዘ ሰዓት የእጀታውን ቡሎን ፈትተሽ አውጪው። ጎማው ከለቀቀ አገኘሽው። ካልለቀቀ ቀዳዳዋ በቆሻሻ ተደፍና ይሆናል፣ ማስተሩ ይፈታና ይጸዳል። ቱቦውም ከውስጥ አብጦ ዘይት እንዳይመለስ ሊያግድ ይችላል። ማስተሩ ጋ ያለው የቱቦ ቡሎን ሲላላ ካልለቀቀና ታች ካሊፐሩ ጋ ሲከፈት ከለቀቀ፣ ጥፋተኛው ቱቦው ነው።

ዘይቱ ጢም ማለቱም ጥሩ አይደለም፤ ሲሰፋ መሄጃ ያጣል። በላይኛውና በታችኛው ምልክት መሃል ይሁን።

የሰቃ መንገደኛ

ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ! እጀታው ምንም ባዶ መላወስ አልነበረውም። ቡሎኑን ፈትቼ ሳወጣው ፒስተኑ ቀጭ ብሎ ወደ ውጭ መጣ፣ ጎማውም ዞረ። የተሰበረው አሮጌ እጀታ ቤት ስለነበር ጎን ለጎን አስተያየኋቸው። የአዲሱ ምላስ፣ ያቺ ፒስተኑን የምትገፋው፣ በግልጽ ትረዝማለች። በሞረድ ላስበላት?

አባ መፍቻ

በፍጹም። ትንሽ ካበዛሽው እጀታው ግማሽ መንገድ ባዶውን ይሄዳል። አሮጌውን ይዘሽ መርካቶ ውረጂ፤ ምላሱ የሚገጥመውን ራስሽ ለክተሽ ግዢ። ከገጠምሽ በኋላ የማስተሩን ክዳን ክፈቺና እጀታውን በጣም በዝግታ ሳቢ። ከዘይቱ ላይ ትንሽ ፍልቅ የሚል ነገር ካየሽ ቀዳዳዋ ክፍት ናት። ፊትሽን ግን አታስጠጊ፣ ዓይን ውስጥ ይረጫል።

የሰቃ መንገደኛ

ሆነ! ሰቃ ደርሼ መጣሁ። ዲስኩ ለብ ብሎ ነበር፣ በቃ። የትርፉን ዘይት በሲሪንጅ ቀነስኩት። አሁን ደግሞ የኋላው ትንሽ ሽው ሽው ይላል። ካቴናው ከተወጠረ ወዲህ ነው። እሱም ይያያዛል እንዴ?

ቦንጋ መስመር

በደንብ ይያያዛል። ካቴና ሲወጠር ጎማው ወደ ኋላ ይሳባል፤ የፍሬኑ ዘንግም አብሮ ይወጠራል። ሸራው (የታምቡር ፍሬን ፓድ በይው) ታምቡሩን መንካት ይጀምራል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን ዳዶ እያላላሽ ጎማውን አሽከርክሪ። የእግር ፍሬኑ መያዝ እስኪጀምር በግምት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። ከላላ በኋላም ከነካ ታምቡሩ ይከፈት፤ ሸራዎቹን የሚመልሰው ሞላ ደክሞ ወይም የሚከፍታቸው ዘንግ ደርቆ ይሆናል። ስትጨርሺ የፍሬን መብራቱን እይ፣ የእግሩ ሲስተካከል እሱም አብሮ ይዛባል።