የአባቴ ወረቀት ላይ «ኤንስቴሚ» ይላል፤ ቀላሉ ነው ማለት ነው?

ጠያቂ፣ ከአዘዞ፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 61 ዓመቱ ነው፣ ስኳር አለበት። ከሦስት ሳምንት በፊት ሌሊት ላብ አጠመቀው፣ አቅለሸለሸው። ደረቱን ግን አላመመውም። «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ተልባ ጠጥቶ ተኛ። ጠዋት ሲብስበት ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ሃርት አታክ ነው አሉን፤ ዓይነቱን ወረቀቱ ላይ «ኤንስቴሚ» ብለው ጻፉት። አስተኝተው አክመውት ወጣ። ጎረቤታችን «ከባዱ ሃርት አታክ ስቴሚ የሚባለው ነው፣ የእናንተው ቀላሉ ነው» አሉን። እውነት ነው? ደግሞ ከእሑድ ጀምሮ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ትራስ ደራርቦ ነው የሚተኛው። ማታ ማታ እግሩ ያብጣል። ቀጠሮው ገና 12 ቀን ይቀረዋል። እንጠብቅ?

የማራኪዋ ነርስ፦
እህቴ፣ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም። ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። በባጃጅ ይሂድ፣ ዳገት በእግሩ እንዳታስወጡት። የተጎዳ ልብ ደም መግፋት ሲያቅተው ውሃ ሳንባና እግር ላይ ይጠራቀማል። ልብ ድካም የምንለው ይሄን ነው። የመውጫ ወረቀቱንና ኪኒኖቹን በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ።

ጤና መኮንን ነኝ፦
«ቀላሉ» የሚለው ነገር ሰው ያዘናጋል። ስቴሚ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የልብ ደም ሥር ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ኤሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ) ላይ ይታያል፤ በሰዓታት ውስጥ መከፈት አለበት። ኤንስቴሚ ላይ ብዙ ጊዜ መዘጋቱ በከፊል ነው። ኤሲጂው ደህና ሊመስል ይችላል፤ የሚያጋልጠው ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራ ነው። የልብ ጡንቻ ግን በሁለቱም ይሞታል። መዘዙም ያው ነው፦ ልብ ድካም፣ የምት መዛባት፣ አንዳንዴም ልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ። ደረቱን ያላመመው በስኳሩ ሊሆን ይችላል፤ ስኳር ነርቭ ስለሚጎዳ ሕመሙን ይደብቃል። ራሱን ከሳተ ወይ ልቡ ያለ ልክ ከመታ ደቂቃም አትቆዩ።

የፒያሳ ልጅ፦
እናቴ ጠበል ስትገባ አስፕሪኗንና ሌላውን ደም ማቅጠኛ አቋርጣ በወሯ ሃርት አታኩ ደገማት። ቄሱ ኋላ ሲሰሙ «ማን ተዪ አለሽ?» ብለው ተቆጧት። ኪኒኑን እንዳያቆም አደራ።

ጠያቂ፦
ውለዱ ክበዱ። ማታውኑ ወሰድነው፣ አስተኙት። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሳ፤ ልቡ ደክሟል አሉ። ውሃ የሚያሸና መድኃኒት ጀምረውለት ዛሬ በአንድ ትራስ ተኛ። ጨው ቀንስ ተብሏል፤ እሱ ግን አልጫ ያመጣሁለት ጊዜ «በርበሬ ማን ከለከለኝ?» ብሎ ሲጨቃጨቀኝ ዋለ።

የማራኪዋ ነርስ፦
በርበሬው ጨው ካልገባበት ይብላ። የተዘጋጀው በርበሬ ግን ጨው አለው፣ እሱን አጣሪ።