የፈረስ የሆርሞንና የሜታቦሊዝም ሕመሞች ምርመራ፦ በጋራ ሐሳባችን ረቂቅ ላይ ውይይት

አስተባባሪ፦
ውድ የማኅበራችን አባላት፣ የጋራ ሐሳባችን በሁለት ሕመሞች ላይ እንዲያተኩር ተስማምተናል፤ አንደኛው በዕድሜ በገፉ ፈረሶች ላይ የሚታየው የፒቱታሪ ዕጢ (ከአንጎል ሥር ያለ ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) መካከለኛ ክፍል መታወክ፣ ሁለተኛው የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ የኢንሱሊን፣ መዛባት ነው። ሁለቱም የሰኮና ውስጥ ብግነት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ ፈረሱ ማነከስ ሳይጀምር ልንደርስባቸው ይገባል። በረቂቁ ስለተዘረዘሩት የምርመራ ዓይነቶች አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የመስክ ሐኪም፦
ረቂቁን ላዘጋጃችሁት ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ሆኖም ከምርመራው ዓይነት አስቀድሞ የናሙናው አያያዝ መጻፍ አለበት ብዬ አምናለሁ። አንዲት የ22 ዓመት ባዝራ ጠጉሯ ረዝሞና ተጠቅልሎ፣ የጀርባዋ ሥጋ ሟሙቶ እያየኋት፣ የኤሲቲኤች (በፒቱታሪው ሕመም ደም ውስጥ ከፍ የሚለው ሆርሞን) ውጤቷ ግን ጤነኛ ነች የሚል ሆኖ መጣ። ነገሩን ስከታተል የደሟ ብልቃጥ ግማሽ ቀን ሙቀት ላይ መቆየቱን ተረዳሁ፤ ሆርሞኑ ደግሞ በሙቀት ይፈርሳል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ ባለበት ብልቃጥ እንደገና ቀድተን፣ ወዲያው አቀዝቅዘን፣ ፕላዝማውን (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) ለይተን ስንልክ ውጤቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ያቺ ባዝራ በእኛ ስህተት ያለ ሕክምና የቆየችባቸው ሳምንታት ዛሬም ያሳዝኑኛል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
ዶክተር ባሉት ላይ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታከሉ እጠይቃለሁ። የብርሃን ሰዓት እያጠረ በሚሄድባቸው ወራት ኤሲቲኤች በጤነኛ ፈረስም ከፍ ስለሚል፣ ዓመቱን ሙሉ ጤነኛውን ከሕመምተኛው በሚለይ አንድ ወሰን መፍረድ ጤነኛውን ሕመምተኛ ያሰኛል። በቲአርኤች ማነቃቂያ ምርመራም (ቲአርኤች የተባለ ሆርሞን በመርፌ ተሰጥቶ ኤሲቲኤች ከመርፌው በፊትና በኋላ በሚለካበት) ሁለተኛው ደም መርፌው ከተሰጠ ልክ በ10ኛው ደቂቃ መቀዳት አለበት፤ «ወደ 10 ደቂቃ ገደማ» የሚለው የረቂቁ አገላለጽ ይስተካከል።

ሌላ የመስክ ሐኪም፦
ስለ ኢንሱሊን የተጻፈው አጭር ነው። ፈረሱ ጾሞ የተለካ ኢንሱሊን ጤነኛ መስሎ መታየቱ ፈረሱን ከሕመሙ ነጻ አያደርገውም፤ በተለይ ማጅራቱ ላይ ስብ የቋጠረ ፈረስ የስኳር ሽሮፕ ተሰጥቶት ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ደሙ ቢታይ ይሻላል። በከባድ ሕመም ላይ ያለ ወይም ገና ከጉዞ የደረሰ ፈረስ ግን እስኪረጋጋ ይቆይ፤ ጭንቀት ውጤቱን ያዛባል።

አስተባባሪ፦
ሁሉንም ተቀብያለሁ። የናሙና አያያዝ የመጀመሪያው ምዕራፍ ይሆናል፤ በመላኪያ ቅጹም ደሙ የተቀዳበት ቀንና ሰዓት፣ ፈረሱ መጨረሻ የበላው መኖና የእንስሳው ዕድሜ እንዲሞሉ ይደረጋል። ያልተሞላ ቅጽ ይመለስ የሚል ሐሳብ ቀርቦልኛል፤ ናሙናው ግን ቅጹ ተሞልቶ እስኪመጣ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ፕላዝማው ተለይቶ በቅዝቃዜ ይቆይና ሐኪሙ በስልክ ይጠየቅ የሚለውን እመርጣለሁ። የላቦራቶሪ ባልደረቦቻችን ይህን መሸከም ይችሉ እንደሆነ ቢገልጹልን አንቀጹን እጨርሳለሁ።